«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ከማለታችን በፊት

ከግሌንዴል፣ ካሊፎርኒያ

በአገራችን መንገደኛ ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይባላል። ምርቃቱ ያማረ ነው፤ ከእናቴ አፍ እየሰማሁት ያደግሁ ስለሆነ ዛሬም ሞተር ሳስነሣ በጆሮዬ ያቃጭላል። ይሁን እንጂ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ከባድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዳሁ ኑሮዬን ስገፋ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። መንገድ ጨርቅ የሚሆነው ከመነሣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ላየ፣ ያየውንም ለመናገር ለማይፈራ ሰው ነው። በስደት ያለን ሰዎች ስለ ምርጫ፣ ስለ እስረኞችና ስለ ጦርነት ብዙ ጽፈናል፤ ወደፊትም እንጽፋለን። እኔ ግን ዛሬ ስለ ፍሬን ልጽፍ ነውና አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

መኪናው የሚያድረው እዚህ ግሌንዴል፣ በሳን ፈርናንዶ መንገድ ዳር ካሉት ግቢዎች በአንዱ ነው። ሥራ የምጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የፌዴራሉ ሕግ አሽከርካሪው መኪናው ለጉዞ ደኅና መሆኑን ራሱ ሳያረጋግጥ እንዳይነዳ ያዝዛል። «ተነግሮኝ ነበር» ወይም «ሜካኒኩ አይቶታል» ማለት አያድንም። ማረጋገጥ ያለበት መሪውን የሚይዘው ሰው ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ትናንት መኪናውን የነዳው ሰው ጉድለት አግኝቶ ከሆነ በቀኑ መጨረሻ ጽፎና ፈርሞ የማስረከብ ግዴታ አለበት። ባለንብረቱ ደግሞ ጉድለቱ መጠገኑን ወይም ጥገና የማያስፈልገው መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ዛሬ የምነዳው እኔ ያንን አንብቤ ሦስተኛውን ፊርማ አኖራለሁ። ሦስት ፊርማ ማለት ሦስት ተጠያቂ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ራቅ ብዬ አየዋለሁ። ወደ አንድ ጎን ዘመም ካለ ወይ ጎማው ተንፍሷል፣ ወይ ባሌስትራው ተሰብሯል። ከሥሩ እርጥበት ከታየ ዘይት ወይም የሞተር ውሃ እየፈሰሰ ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ዘይቱን፣ ውሃውን፣ ቺንጊያውንና የመሪውን ዘንጎች እመለከታለሁ። ቀጥሎ ጎማ ነው። የፊት ጎማዎች ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች፣ የሌሎቹ ደግሞ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች ካለቀ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ከጎማው ዳዶ ሥር የዝገት መስመር ወርዶ ከታየ ዳዶው መላላቱን ይጠቁማል። ተንበርክኬ በእጅ ባትሪ የፍሬኑን ክፍሎች አያለሁ፤ የፍሬኑን ማስተካከያ ክንድ በእጄ ስስበው ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ ፍሬኑ መስተካከል አለበት። ከባሌስትራው ንጣፎች አንድ አራተኛው ከተሰበረ ወይም ከጎደለ ጉዞ የለም።

ጎታቹና ተሳቢው የሚቆራኙበት ቦታ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የተሳቢው ወለል በጎታቹ ክብ ብረት ላይ ተኝቶ በመካከላቸው ብርሃን መታየት የለበትም። ኪንግፒን የሚባለውን የተሳቢውን ወፍራም ሽንኮር የሚይዘው መንጋጋ በአንገቱ ዙሪያ መዘጋቱን ከሥር ገብቼ አያለሁ። በመጨረሻም የተሳቢውን ፍሬን ይዤ ጎታቹን በቀስታ ወደፊት እስበዋለሁ። የሚላቀቅ ከሆነ እዚሁ ግቢ ውስጥ ይላቀቅ።

የመጨረሻውና ትልቁ የአየር ፍሬን ፍተሻ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ የፍሬኑን ፔዳል ለአንድ ደቂቃ ረግጬ እይዛለሁ፤ ጎታችና ተሳቢ አብረው ሲሆኑ የአየር መለኪያው ከ4 ፓውንድ በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን ደጋግሜ እየረገጥሁ አየሩን አወጣለሁ። መርፌው ወደ 60 ሲወርድ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ወይም መብራት መምጣት አለበት፤ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ደግሞ የማቆሚያው ፍሬን በራሱ ዘሎ መያዝ አለበት። ጭነቱ የታሰረበትን ማሰሪያ አጥብቄ እነሣለሁ፤ ሕጉ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆሜ እንደገና እንዳየው፣ ከዚያም በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ እንድደግመው ያዝዘኛል። የግቢው ፍተሻ ለለመደ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን አመጣው ለሚል አንባቢ ክብደቱን ልንገረው። ሙሉ ጭነት የያዘ ጎታችና ተሳቢ በሕግ የተፈቀደለት ክብደት 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር በ5 ቁጥር አውራ ጎዳና 1,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የቴሆን በር ተሻግሮ ግሬፕቫይን በሚባለው ረጅም ቁልቁለት ወደ ቤከርስፊልድ ሜዳ ይወርዳል። ፍሬኑ የታመመ መኪና እዚያ ላይ የሚሆነውን ለማወቅ ግን ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም። ከግሌንዴል ጋር ድንበር በምትጋራው ላ ካንያዳ ፍሊንትሪጅ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2009፣ መኪኖችን ጭኖ ከአንጀለስ ክረስት ተራራ የሚወርድ ተሳቢ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ከተማው መካከል ገባ። አንድ አባትና የ12 ዓመት ሴት ልጁ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙ ሰዎች ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ከባድ የጭነት መኪኖች በዚያ መንገድ እንዳይሄዱ ታገዱ። ነገሩ የአንድ ቀን አጋጣሚ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ለ3 ቀናት በተካሄደው ዓመታዊ የመንገድ ላይ ፍተሻ ከተመረመሩት መኪኖች ከ5ቱ ከ1 የሚበልጡት ባሉበት እንዲቆሙ ተደርገዋል። ቀዳሚው ምክንያት የፍሬን ጉድለት ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህንን የምጽፈው «ፈረንጅ ብልህ ነው፤ እኛ አናውቅም» ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን በአሰብ መስመር ፊያት ኤንትሬ የሚነዳ ሰው ነበር። ሊነሣ ሲል ረዳቱ በመዶሻ ጎማ ጎማውን እየመታ ይዞር ነበር፤ የነፈሰ ጎማ ድምፁ ድፍን እንደሆነ የተማርሁት ያኔ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ከሹፌሩ ቀድሞ ወርዶ ታኮ ያደርጋል። ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ቺንጊያ፣ ፍሬቻ፣ ታኮ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል፤ እውቀቱን ግን ያካበቱት ታርማ በርንና ሊማሊሞን የወጡ የወረዱ አባቶች ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር በከባድ ማርሽ መውረድ እንዳለበት መጽሐፍ አልነገረውም። እዚህ አገር መኪና ሲበላሽ ሕጉ 3 ቀይ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎችን ከመኪናው ፊትና ኋላ አስቀምጥ ይላል። የእኛ ሹፌር ደግሞ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የእኛ ድንጋይ መኪናው ከሄደ በኋላ መንገድ ላይ ቀርቶ ሌላ ሰው መግደሉ እንጂ።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጉድለቱ ከታየ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው።

አገር ቤት ያለው ሹፌር ፍሬኑ እንደላላ ያውቃል፤ ጎማው እንዳለቀ ያያል። ከዚያስ? ለባለንብረቱ ቢናገር የሚያገኘው መልስ «ካልነዳኸው የሚነዳው ሞልቷል» ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ቦሎ ያስለጥፋል፤ በቀሩት 364 ቀናት ግን «ይህ መኪና አይወጣም» የማለት አቅም ያለው ማን ነው? አዲስ አበቤ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» እያለ ቅጽል አወጣላቸው። ቀልዱ መራራ ነው፤ ሰው ስንቱን ቀብሮ ያወጣው ስም ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ስም የወጣለት ለመኪናው ነው። መኪናውን እንዲያ አድርጎ ለሚልከው ሰው ስም አልወጣለትም። አደጋ በደረሰ ማግሥት ፖሊስ ጣቢያ የሚገኘው ሹፌሩ ነው፤ «ለምን ላክኸው?» ተብሎ የሚጠየቅ ባለንብረት ስንት ነው?

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐዘኑ የአገር ሐዘን ነበር። የዕቃ መኪና ሰው ጭኖ ሲነሣ ግን ያዩ ዓይኖች ብዙ ነበሩ፤ «ይህ ለሰው አይሆንም» ብሎ መኪናውን የሚያስቆም ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው አልነበረም። ሹፌሩም አንድ ብር ሳይጎድልበት «አልነሣም» የሚልበት ሥርዓት የለም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ፍተሻ ተጨምሯል። አሥመራና አዲስ አበባ ጦር ከተማዘዙበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአሰብ መስመር ተዘግቶ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በዚያም ሆነ ወደ ጎጃምና ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሹፌር ከመነሣቱ በፊት ቀድሞት ላለፈ ባልደረባው ስልክ ይደውላል፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ከነተሳፈሩበት አውቶቡስ መታገታቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ታግተው ቤተሰባቸው ቤት ንብረቱን ሸጦ ያስለቀቃቸው፣ ሳይመለሱ የቀሩም ሹፌሮች ጥቂት አይደሉም። የመኪናውን ፍሬን ሹፌሩ ሊፈትሽ ይችላል። መንገዱን የመፈተሽ ግዴታ ግን የመንግሥት ነው። ያ ግዴታ ሳይፈጸም «ዕቃው ለምን ዘገየ?» ብሎ ሹፌሩን መጠየቅ ነውር ነው።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሕጉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የየብስ ትራንስፖርት ሕግ አደገኛ መኪና አልነዳም ያለን ሹፌር አሠሪው እንዳያባርረውና እንዳይቀጣው ይከለክላል። ሹፌሩ በቅድሚያ ጉድለቱ እንዲጠገን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ከተበደለም በ180 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን «እኔ ተቀጣሪ አይደለሁም፤ በራሴ ነው የምሠራው» ብለው መብቱን ይተዉታል። ሕጉ ግን መኪናውን ራሱ የሚነዳውን የኮንትራት ሹፌርም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ደግሞ ሹፌር የደኅንነት ደንብ ጥሶ እንዲነዳ ማስገደድ በራሱ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው የትራንስፖርት ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን ጭነት ላኪውን፣ ተቀባዩንና ደላላውንም ይመለከታል።

ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ግን ሰውን አያቆመውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የወገን ድርጅት እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት የአየር ፍሬኑን ስፈትሽ መርፌው በአንድ ደቂቃ 11 ወረደ። ሳዳምጥ ወደ ተሳቢው የሚሄደው ቱቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተቀዷል። ጭነት ወደሚደለድለው ልጅ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ይግፉት፤ ቤከርስፊልድ ድረስ እኮ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ቤከርስፊልድ እኮ ከቴሆን ማዶ ናት» አልሁት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ደንበኛው ግን ካመለጠን ሁላችንም ነን የምንጎዳው። በእናትዎ!»

በእናቴ ማለኝ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ባለችኝ በዚያችው እናቴ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከበላዩ የሚያስጨንቁት ነበሩ። ጉድለቱን በሪፖርቱ ላይ ጻፍሁ፣ መለኪያውን ፎቶ አነሣሁ፣ ለድርጅቱ በመልእክት ላክሁና ቁልፉን ይዤ ተቀመጥሁ። ሜካኒክ መጥቶ ቱቦውን እስኪቀይር 3 ሰዓት ፈጀ። ጭነቱ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ሳምንት «ጭነት የለም» ተባልሁ፤ ሌሎቹ ሲወጡ ሲገቡ እያየሁ። ሕጉን ጠቅሼ ደብዳቤ ከጻፍሁ በኋላ ጭነቱ ተመለሰ። ሰላምታው ግን አልተመለሰም።

እኔ እንኳ ዜግነት አለኝ፣ ልጆቼም አድገውልኛል። ትናንት የመጣው ወንድማችንስ? የመኪናው ዕዳ በየሳምንቱ ከደመወዙ ይቆረጣል። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና በፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት ደግሞ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ በመንገድ ላይ ፍተሻ እንግሊዝኛው በቂ አይደለም የተባለ ሹፌር ከመንዳት እንዲታገድ መደረግ ተጀምሯል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት ላይ ቁልፍ ሲሰጠው መኪናውን ሳይዞር ቢፈርም ይፈረድበታልን? እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲያዝ ጉድለቱ በእሱም የፍተሻ ታሪክ ላይ ለ3 ዓመት ይመዘገባል፤ አደጋ ቢደርስ ወረቀቱ ላይ የሚገኘው የእሱ ፊርማ ነው። የሚያስፈርሙት ይህንን አሳምረው ያውቃሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ላይ እንገናኛለን፤ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ባለችው መንገድ። ቡናው እስኪደገምና እስኪሠለስ ስለ አራት ኪሎ እንከራከራለን። መከራከራችን ተገቢ ነው። ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን የፈረምነውን የመኪና ውል ያነበብነው? «ፍትሕ ለኢትዮጵያ» ብሎ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው በማግሥቱ ሌሊት ለወገኑ አሠሪ «ይህ መኪና አይሄድም» ማለት ካቃተው፣ የጎደለን መፈክር አይደለም። ነጻነት የሚለመደው በትንሹ ነው፤ ጉድለትን አይቶ፣ ጽፎ፣ ስም አኑሮ በመቆም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ይልካሉ፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ያው ዕድር ወይም ማኅበር፣ አደገኛ መኪና አልነዳም ብሎ ጭነት የተከለከለን ሹፌር የሁለት ሳምንት የቤት ኪራይ ቢሸፍንለትስ? ከአስከሬን ማጓጓዣ ያነሰ ገንዘብ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህንን ነበር። ከዚሁ ጋር የፈተናውን እንግሊዝኛና የአሽከርካሪውን መብት በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ክፍል፣ በወር አንድ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይከፈት። የሚያስተምር አይጠፋም፤ እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ከዚህ ሆነው አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ገዝተው አገር ቤት ያሠማሩ ወገኖችም አላችሁ። ሹፌራችሁ ጋ ስትደውሉ ገቢውን ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ ጠይቁት። «አልነሣም» ሲላችሁም ደመወዙን አትቁረጡበት። ይህንን ለማድረግ የመንግሥት ለውጥ መጠበቅ አያስፈልግም።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ ሹፌሮችና ረዳቶች የምመክረው ነገር የለኝም፤ ሙያውን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። የምመኝላችሁ ግን አለ፤ ያያችሁትን ጉድለት ተናግራችሁ እንጀራችሁ የማይቋረጥበትን ቀን ያምጣልን። እስከዚያው መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።

ቸር ይግጠመን።